ከድሩ ያልመጣበት ሌሊት

ሐምሌ 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሰዓዳ ሳትወድቅ አስራ አራት ወር ከስድስት ቀን ሆኗት ነበር። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው፤ ትዳሯ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ልጅ የላትም። የምትኖረው አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በየምሽቱ ልክ ሁለት ሰዓት ሲል አንድ ነጭ ኪኒን በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ትውጣለች። ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ አስራ አንድ ተኩል ላይ ትነሳለች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ የወደቀችባቸውን ቀኖች ትጽፋለች። ከሚያዝያ 25 ቀን 1975 ወዲህ የተጻፈ አልነበረም።

የሚጥል በሽታው የጀመራት በአስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከድሩ ሲያገባት ያውቅ ነበር፤ ራሷ ነግራዋለች። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ያዩዋት ሐኪም ቃል ደግሞ ሁለቱም በልባቸው ይዘውታል።

«መጀመሪያ አንድ ዓመት ሳትወድቂ ቆዪ» ብለዋት ነበር ሐኪሙ። «ከዚያ አርግዢ። ልጅ ፈለግሁ ብለሽ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። አርግዘሽ ብትወድቂ የምትወድቁት ሁለት ሆናችሁ ነው።»

ዓመቱ ሞላ፤ አልፎም ሄደ። እሷና ከድሩ ልጅ መፈለግ የጀመሩት በዚያው ሐምሌ ነው።

ሰዓዳ የአየር ጠባይ ተመልካች ናት። ሥራዋ በቀን አምስት ጊዜ፣ ማለዳ አስራ ሁለት፣ ረፋድ ሦስት፣ ቀትር ስድስት፣ ከሰዓት ዘጠኝና ማታ አስራ ሁለት ላይ፣ ነጭ ቀለም ከተቀባው ሳጥን ውስጥ ቴርሞሜትሮቹን አንብቦ መመዝገብ ነው። ሲያሠለጥኗት የተነገራት ሕግ አንድ ነበር፦ ያላየሽውን አትጻፊ። በሥራዋ ይህን ሕግ አንድም ቀን አላፈረሰችም።

በመስከረም 1977 ወደ ሰመራ ተዛወረች። ሰመራ ያኔ ከተማ የምትባል አልነበረችም። የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ፣ አንድ ኬላ፣ ማሚት የምትባል ሴት ሻይ የምትሸጥበት ዳስና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ዝውውሩን የፈለገችው ራሷ ናት። ከድሩ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ የዚያ ዓመት ድርቅ በወሎ ከጠና ወዲህ ከአሰብ ወደብ የእርዳታ ስንዴ ያመላልሳል፤ አዋሽ ሲያድር የነበረው ሰው አሁን ከመንገድ አይጠፋም። ሰመራ ብትሆን ሲሄድም ሲመለስም በደጇ ያልፋል።

የአሰብ መስመር ነጂዎች ቀን አይነዱም። ቀን ላይ አስፋልቱ ጎማ ያፈነዳል። ከድሩ ከአዋሽ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳና ሰመራ የሚደርሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳል። ሰዓዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በየሦስት ሰዓቱ ከሳጥኑ አጠገብ ናት። ባልና ሚስት ሆነው የሚገናኙት ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ተኩል ባለው ጊዜ ብቻ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ የከድሩ እናት ወይዘሮ ኡምሰልማ ከባቲ መጡ። እርሻው ደርቆባቸው ነው የመጡት። የያዙት አንድ ጥቅል ልብስ፣ የዱዓ መቁጠሪያ የሆነ አንድ ሙስበሃና አንድ ጠርሙስ ጥቁር አዝሙድ በማር ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ሰዓዳ ኪኒኗን ስትውጥ ትክ ብለው አዩዋት።

«ይህን ነጩን ነገር በየማታው ነው የምትውጪው?»

«አዎ እማ። ለበሽታዬ ነው።»

«ለበሽታሽ መሆኑንስ ነግሮኛል። ስንት ዓመትሽ ስትውጪ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት የጠጣ ማህፀን…» አሉና ቀሪውን ዋጡት። ከዚያ ጥቁር አዝሙዱን በማንኪያ ቀድተው አቀረቡላት። «ይህን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ላሺ። ለማህፀን ነው። እኔ ስድስት የወለድኩት ይህንኑ እየላስኩ ነው።»

ሰዓዳ ላሰችው። እምቢ ማለት ነውር ነበር።

ኅዳር 6 ቀን፣ ከአስራ ስምንት ወር በላይ ከቆየች በኋላ፣ ወደቀች። ታኅሣሥ 3 ቀን ደገማት። ጥር 11 ቀን ሠለሰ። በጥር መጨረሻ የወር አበባዋ ቀረ፤ ለማንም ሳትናገር አስራ ሁለት ቀን ቆጠረች። የካቲት 2 ቀን ረፋድ ላይ ከቴርሞሜትሩ ሳጥን ሥር ወደቀች፤ በማግስቱ ደም አየች። ምክንያቱ ውድቀቱ መሆኑን ያረጋገጠላት ሰው የለም። እሷ ግን ሁለቱን ቀኖች በአንድ መስመር ላይ ጻፈቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷን እንደ ጣቢያዋ መከታተል ያዘች። አዋሽ ሳለሁ ያልነበረ፣ እዚህ ያለ ነገር ምንድን ነው? ውሃው ተለውጧል፤ ነገር ግን ካምፑ በሙሉ የሚጠጣው ያንኑ ነው። ሙቀቱ ብሷል፤ ነገር ግን የወደቀችባቸው ቀኖች ከሌሎቹ የሚሞቁ አልነበሩም፤ መዝገቡ እጇ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አዲስ የሆኑት ወይዘሮ ኡምሰልማ ናቸው።

ስታያቸው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ መሰላት። ኪኒን የምትውጥበትን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ በሽታዬ በአረፋ ይጋባል ብለው ነው አለች በሆዷ። ኪኒኖቹ ያሉባት የከረሜላ ቆርቆሮ ወዳለችበት መደርደሪያ አርብ አርብ ጠጋ ይላሉ። ድምፅ ሲሰሙ ገለል ይላሉ። ጥቁር አዝሙዱንም በድብቅ መድፋት ጀመረች።

አንድ ሐሙስ ማታ ቆርቆሮዋን ከፈተች። እያንዳንዱ ኪኒን መሐሉ ላይ መስመር አለው። አርባ ሦስቱንም መስመራቸው ወደ መስኮቱ እንዲያይ አድርጋ ደረደረቻቸው፤ ክዳኑ ላይም ከራሷ ፀጉር አንድ ዘለላ አኖረች። አርብ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ፀጉሩ የለም። መስመሮቹ ተበታትነዋል። ኪኒኖቹን ቆጠረች፤ አርባ ሦስት። ሦስቱን በምላሷ ጫፍ ቀመሰች፤ ሦስቱም እንደ ወትሮው መራራ ናቸው።

ቁጥሩም ጣዕሙም ልክ መሆኑ ጥርጣሬዋን ሊያበርደው ይገባ ነበር። አባሰው። በቁጥር ልክ የሚቀይር ሰው ተንኮሉ የበሰለ ነው አለች። ያላየችውን ጻፈች።

ከድሩ በመጣ ቀን፣ እናቱ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቃ ነገረችው።

«እናትህ ኪኒኔን ይነካሉ።»

ከድሩ ጫማውን እያሰረ ነበር። እጁ ቆመ። «ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። በገዛ እጄ ምልክት አድርጌ ያዝኳቸው። ማህፀን ያደርቃል ይላሉ። መድኃኒቱን ሊያስጥሉኝ ነው የሚፈልጉት።»

«ጎደለ እንዴ?»

«አልጎደለም።»

«ታዲያ ካልጎደለ…» ብሎ ጀመረና አንገቱን ደፋ። ሰዓዳ ፊቱን አየችው። ጆሮው ቀልቷል። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

«እሳቸው ወይ እኔ አልልህም» አለች። «ግን አራት ጊዜ ወድቄያለሁ ከድሩ። በአንዱ ብቻዬን አልነበርኩም።»

ከድሩ ይህን ሲሰማ ጫማውን መልሶ ፈታ። የካቲት 21 ቀን እናቱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አዋሽ፣ ሱቅ ወዳላት እህቱ ወደ ሀጂራ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ኡምሰልማ አልተከራከሩም። መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሰዓዳን ግንባሯን ሳሟትና «እሳት ዳር ብቻሽን አትቀመጪ» አሏት። ሰዓዳ ቃላቸውን ለእርግማን ቀረብ አድርጋ ሰማችው።

መጋቢት 14 ቀን፣ ከድሩ ሌሊት ገብቶ ሳይነጋ ወደ አሰብ ካለፈ በኋላ፣ ቀትር ላይ ወደቀች።

ስትነቃ የላይኛው ከንፈሯ ይቃጠላል፤ ቤቱ ድኝ ድኝ ይሸታል። ማሚት ክብሪት በእጇ ይዛ ከራስጌዋ ተንበርክካለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነቃሽ! ስድስት እንጨት ነው የጨረስኩብሽ» አለች ማሚት። «ጭሱ አፍንጫሽ ካልገባ አይለቅሽም ብዬ ነው። ትንሽ ነካካኝ መሰለኝ ከንፈርሽን።»

«ትንሽ?»

«ባይሆን ባልሽ እስኪመለስ ይድናል። የሾፌር ባል ደግሞ ከንፈር መች ያያል፣ ጎማ ነው የሚያየው።» ማሚት ሳቀችና መልሳ ኮስተር አለች። «አማትሽን ባታስወጪያቸው ጥሩ ነበር። እሳቸው እኮ ስትወድቂ ክብሪት የሚባል አያስነኩኝም ነበር። ወደ ጎን አገላብጠው፣ ነጠላቸውን ከራስሽ ሥር አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ።»

ይህን ሰዓዳ አታውቅም ነበር። ስትወድቅ ምን እንደሚደረግላት የምታውቀው ከነቃች በኋላ ካየችው ብቻ ነው።

ማሚት ከሄደች በኋላ የቀን መቁጠሪያውን ገለበጠች። ወይዘሮ ኡምሰልማ ከሄዱ ሃያ ሦስት ቀን ሆኗል። ጥቁር አዝሙዱ የለም። ቆርቆሮዋን የሚነካ የለም። ውድቀቱ ግን አለ። በጣቢያ ሥራ አንዱ ቴርሞሜትር ተሰብሯል ብለህ አውጥተህ ስታበቃ ስህተቱ ባለበት ከቀጠለ፣ ያወጣኸው ቴርሞሜትር ደህና ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሌላ ማን ቀረ? መልሱን ከልቧ ለማስወጣት ሁለት ቀን ፈጀባት። ኪኒኖቹን ከአዋሽ ክሊኒክ፣ ከድሬሰር እሸቴ ዘንድ ተቀብሎ የሚያመጣላት ከድሩ ነው።

ኬላው ላይ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ሰሌዳና ሰዓት የሚመዘግቡት ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ናቸው፤ ከመንዝ የመጡ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው። ከረፋዱ ንባብ በኋላ ሄደች።

«ጋሼ፣ የከድሩ መኪና የገባባቸውን ቀኖች ሊያነቡልኝ ይችላሉ? ከጥቅምት አንድ ጀምሮ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባልሽን ልትሰልይ ነው?»

«የምፈልገው ቀኑን ብቻ ነው።»

«ሰላይ ሁሉ ሲጀምር ቀኑን ብቻ ነው የሚለው። በዚህ ዘመን ሰው ጎረቤቱን ሰለለ፣ ወንድሙን ሰለለ፤ ባል ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም አንቺ ጀመርሽው።» ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ይህን አልተናገርኩም። ጻፊ።»

አነበቡላት፤ ጻፈች። ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 14 አንድ መቶ ስልሳ አራት ቀን ነው። ከድሩ ሰመራ የገባው አስራ አንድ ጊዜ ነው። እሷ የወደቀችው አምስት ጊዜ ሲሆን አምስቱም እሱ በገባባቸው ቀኖች ላይ ነው። እሱ ባልገባባቸው አንድ መቶ ኀምሳ ሦስት ቀኖች አንድም አልወደቀችም።

ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

እሱ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? ኪኒን። ከአሰብ የሚገዛው ሽቶ። ከጋቢናው ጀሪካን የሚቀዳላት ውሃ። ከድሬሰር እሸቴ ተቀብሎ መንገድ ላይ የሚቀይረው ቢሆንስ? ለምን ይቀይራል? ማሚት አንድ ቀን በቀልድ «ሾፌር እኮ በየኬላው ቤት አለው» ያለችው ቀልድ ባይሆንስ? አዋሽ ወይ አሰብ የሚወልድለት ሌላ ሴት ቢኖርስ? እናቱን ስትከስ ጆሮው የቀላው ለምንድን ነው? ሰዓዳ ባሏን ትወደዋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ፍቅርን አያውቅም።

ሚያዝያ 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ከፊት የሚነዳ አንድ ነጂ ኬላው ላይ ቆሞ መልእክት አደረሰ፦ «ከድሩ ዛሬ ሌሊት ይገባል ብሎሻል።» የነጂዎቹ ልማድ ነው፤ ከፊት ያለው የኋላውን መምጣት ይናገራል።

ሰዓዳ ምን እንደምታደርግ ወሰነች። ሽቶውን አትቀባም። ከጀሪካኑ አትጠጣም። ከአዲሱ ኪኒን አንድም አትውጥም፤ ከአሮጌው ዘጠኝ ቀርቷታል። ምንም ሳትነካ ካልወደቀች፣ የባሏን ነገር አወቀች ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ከአሮጌው ዋጠች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ መልእክት በደረሳት ማታ ሁሉ የምታደርገውን አደረገች፤ ወጡን ሞቅ ልታደርግ፣ ውሃ ልታሞቅ፣ ራሷን ልታሰናዳ፣ የመኪናውን ጡሩምባ ልትሰማ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ከድሩ አልመጣም። ነጋ። የአስራ ሁለት ሰዓቱን አነበበች፤ ሃያ ሰባት ነጥብ ሁለት ዲግሪ። የሦስት ሰዓቱን አነበበች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ቤቷ በር ላይ ወደቀች።

ነቅታ፣ ማሚት ዳግመኛ በክብሪት የነካካችውን ከንፈሯን እየጠራረገች፣ እንደ ልማዷ ቀኑን ልትጽፍ ስትነሳ እርሳሱ እጇ ላይ ቆመ። ከድሩ አልገባም። ሽቶ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ አዲስ ኪኒን የለም። ወድቃለች።

የራሷን የጣቢያ መዝገብ አወጣችና በጋሼ ወልደ ኢየሱስ ቀኖች ላይ ዓይኗን አሳለፈች። በወደቀችባቸው አምስት ማለዳዎች የአስራ ሁለት ሰዓት ንባብ ላይ ተሰርዞ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ጽሕፈቱም ተንጋዷል። የእጇ ጽሕፈት እንዲህ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጽሕፈት ነው። ሳትወድቅ የቀረችባቸው ስድስቱ ማለዳዎች ጽሕፈት ግን ንጹሕ ነው። አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው። ስድስቱም ከድሩ መልእክት ሳይልክ በድንገት የገባባቸው ናቸው፤ ጡሩምባው እስኪቀሰቅሳት ድረስ ተኝታ ነበር።

የጣላት ከድሩ አልነበረም። ወይዘሮ ኡምሰልማም አልነበሩም። ከድሩን መጠበቅ ነበር።

ከድሩ በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ገባ፤ ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሯል።

«አዳይቱ ላይ ሁለት ጎማ በአንድ ሌሊት!» አለ ገና ከደጅ። «መለዋወጫ እስክለምን ድረስ… ከንፈርሽን ምን ሆንሽ? ወድቀሻል?»

«ትናንት።»

«ያ አላህ። እኔ በሌለሁበት?»

«ሳትመጣ ነው ያስረዳኸኝ» አለችና ወረቀቱን፣ መዝገቡን፣ የቀን መቁጠሪያውን ፊቱ ዘረጋችለት። ሁሉንም ነገረችው፤ ጀሪካኑን፣ ሽቶውን፣ ሌላ ሴት ያለችውንም ሳታስቀር። ከድሩ ሌላዋ ሴት ላይ ሲደርስ ሊስቅ ከጀለና ተወው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «ቆርቆሮዋን። እናቴ የነካችው እኔ አዝዣት ነው።»

ሰዓዳ ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያው አነሳች።

«ልጅ ብለሽ ኪኒኑን ታቋርጫለሽ ብዬ ፈራሁ። አዋሽ ላይ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ልጅ ያበላሻል ሲልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚ ነበር። በየጁምዓው ቁጠሪልኝ አልኳት፤ ሰባት ካልጎደለ ንገሪኝ አልኳት። አንቺ ስትከሻት…» እጁን በግንባሩ ላይ አኖረ። «አፈርኩ። እሷም አላጋለጠችኝም።»

ሰዓዳ ልትቆጣ ፈለገች። ግን ጥር ላይ፣ አስራ ሁለቱን ቀን በምትቆጥርበት ወቅት፣ ሁለት ማታ ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ መዋጥ አለመዋጧን ስታስብ መቆየቷን አስታወሰች። ውጣዋለች። ግን አስባ ነበር።

«ነገ አዋሽ ትወስደኛለህ» አለችው።

አዋሽ የደረሱት የድሬዳዋው ባቡር ሊገባ ሲል ነው። ወይዘሮ ኡምሰልማ የሀጂራ ሱቅ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

«እማ፣ አፉ ይበሉኝ» አለች ሰዓዳ ተጎንብሳ ጉልበታቸውን ይዛ። «ያላየሁትን ተናገርኩብዎ።»

«ቆርቆሮውን ነክቻለሁ» አሉ። «እሱን አይተሻል። ለአንዱ ኪኒን አንድ የሙስበሃ ፍሬ እያሳለፍኩ ነው የምቆጥረው፤ ከዚያ በላይ ቁጥር አልችልም።»

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ ነዋ! ባልሽን ሰላይ ከምትዪው እኔን ሌባ ብትዪኝ ይሻላል ብዬ ነው። አማት ድሮም ክፉ ናት፤ ብትጠላ አይጎድልባትም።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለቅመው ወረወሩ። «ብርጭቆሽንም ለይቼ የማስቀምጠው ቅባት እንዳይነካው ነው፤ መድኃኒት በንጹሕ ይጠጣል ብዬ። አንቺ ግን ሌላ ስትመለከቺው አይ ነበር። ዓይንሽ እኮ ይናገራል።»

ሰዓዳ አለቀሰች። ወይዘሮ ኡምሰልማ ጥቂት እንድታለቅስ ተዉዋት፤ ቶሎ ዝም አላሰኟትም።

«በይ አሁን ያመጣሽውን ንገሪኝ» አሉ በኋላ። «ለይቅርታ ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ አትመጪም፤ አውቅሻለሁ።»

የእንቅልፉን ነገር ነገረቻቸው። ማታ ቤት ውስጥ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ከሌለ እሷ አትተኛም፤ ካልተኛች ትወድቃለች። ወይዘሮ ኡምሰልማ አዳምጠው ሲጨርሱ ሙስበሃቸውን አነሱ።

«እንግዲያው እኔ እጠብቀዋለሁ። ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ልጅ። ሲመጣ አበላዋለሁ፤ በኔ ክፍል ይተኛል። አንቺ ጡሩምባ ብትሰሚ እንኳ ከአልጋሽ አትወርጂም። ረመዳንም እየመጣ ነው፤ ለሱሁር ብለሽ ሌሊት ለመብላት አትነሺም። የታመመን አላህ አላስገደደውም፤ ስለ ጾምሽ ድሃ የሚበላውን ፊድያሽን እኔ አበላልሻለሁ።»

ከድሩ ከጎን ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ታዲያ እኛ… መቼ ነው የምንገናኘው?»

ወይዘሮ ኡምሰልማ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የመጨረሻ ንባቧና ከዚያ በፊት ያለው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ዘጠኝና አስራ ሁለት» አለች ሰዓዳ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

«ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። አባትህ የዚህን ግማሽ አግኝቶ አያውቅም፤ ስድስት ወልጃለሁ።»

ረመዳን ገባ፤ ወጣ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ፣ ከድሩ በመጣ ቀን ሁሉ፣ ልክ የዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ ሲያልቅ ወይዘሮ ኡምሰልማ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ማሚት ዳስ ይሻገሩ ጀመር። ቴርሞሜትሩ አርባ ሦስት፣ አርባ አራት የሚያሳይበት ሰዓት ነው፤ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

«እትዬ፣ በዚህ ቃጠሎ ቤትዎን ጥለው የት ይሄዳሉ?» አለቻቸው ማሚት በመጀመሪያው ቀን።

«ቤት ውስጥ አየር እየተለካ ነው» አሉ ወይዘሮ ኡምሰልማ። «ሻይ ቅጂልኝ። ክብሪትሽን ደግሞ ወዲያ አርጊልኝ።»

በነሐሴ የወር አበባዋ ቀረ። ሰዓዳ አስራ ሁለተኛውን ቀን አለፈች፤ ሃያኛውን አለፈች፤ አርባኛው ላይ ለወይዘሮ ኡምሰልማ ነገረቻቸው። «ሙስበሃዬን ስቆጥር ከርሜ አላውቀውም መሰለሽ?» አሏት። ኪኒኗን በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጠች። ቆርቆሮዋን አርብ አርብ ሁለቱ ሴቶች አብረው ቆጠሩት፤ አንዷ በቁጥር፣ አንዷ በፍሬ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1978 ወባ ይዟት ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አደረችና ጠዋት ወደቀች። ወይዘሮ ኡምሰልማ በግራ ጎኗ አስተኟት፤ ነጠላቸውን ከራሷ ሥር አደረጉ፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ሆዷን ነው። ይንቀሳቀስ ነበር።

ምጡ የያዛት ከድሩ አሰብ ሳለ ነው። ዱብቲ ሆስፒታል ያደረሷት ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ኬላው ላይ ባስቆሙላት የመጀመሪያ መኪና ነው። ወይዘሮ ኡምሰልማ አብረው ሄዱ። ሕፃኑ ሚዛን ላይ ሲደረግ ሰዓዳ ቀና ብላ መርፌው ቆሞ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ይዛው ከመጣችው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ እንዲጻፍ ለአማቷ በቃሏ ተናገረች፤ እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ ነርሷ ጻፈችው።

ሚያዝያ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፤ ሴት፤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ኀምሳ ግራም። ከድሩ ካልመጣበት ሌሊት ማግስት ወዲህ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ቀን፤ ውድቀት፣ አንድ።